አስካለማርያም ሰው ስትመድብ

አስካለማርያም ሞትን አትፈራም። የምትፈራው ቤት መቀመጥን ነው። ለንደን አርችዌይ ሰፈር፣ ከዶሮ መጥበሻ ቤቱ በላይ ባለችው ቢሮዋ ስልክ እያነሳሁላት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ያልነገረችኝ ሳምንት የለም። «ዓይናዲስ፣ ሥራ የፈታሁ ዕለት ቅበሪኝ» ትለኛለች። «ቆፋሪዎቹን ማን ይመድባቸዋል ታዲያ?» እላታለሁ። «እኔው ነኛ!» ትልና እየሳቀች ስልኳን ታነሳለች። ሳቋ ደስ ይላል። ፍርሃቷ ግን የምር ነበር፤ እኔም አውቀው ነበር።

ለንደን የገባነው በአንድ ሰሞን ነው። ሁለታችንም ካምደን ውስጥ የሰው ቢሮ በመጥረግ ጀመርን። እኔ በኋላ ሆስፒታል ወጥ ቤት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቀረሁ፤ የእሷን ስልክ ማንሳት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እሷ ግን አለቃዋ አንድ ቀን በፉጨት ቢጠራት መጥረጊያውን እግሩ ሥር ጥላለት ወጣች። «ውሻውን ይጥራ!» እያለች ቤቴ ስትመጣ ያበደች መስሎኝ ነበር። ወዲያው አንድ አሮጌ ሁቨር፣ የምንጣፍ አቧራ መሳቢያ፣ ገዝታ፣ ፊርደውስ የምትባል የወሎ ልጅ አስከትላ፣ የራሷን የጽዳት ሥራ ጀመረች። ፊርደውስ የመጀመሪያዋ ሠራተኛዋ ናት፤ ጊዲዮንን፣ የአስካለን አንድ ልጅ፣ አዝላ ያሳደገችውም እሷ ናት። ኋላ ባል አግብታ በርሚንግሃም ገባች፣ እዚያው ቀረች። ሥራው ግን እያደገ ሄደ።

ድርጅቱ የሚኖረው አስካለ ራስ ውስጥ ነበር። ማን በሚካኤል ቀን እንደማይሠራ፣ ማን በረመዳን የጠዋት ሥራ እንደሚሻለው፣ የትኞቹ ሁለት ሴቶች አንድ ሕንፃ ቢመደቡ ፀጉር እንደሚነጫጩ፣ የትኛው በር ሲከፈት ደወሉ እንደሚጮህ፣ ሁሉን በቃሏ ትይዘዋለች። ጎህ ሲቀድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትደውላለች፤ «አንተ ካምደን፣ አንቺ ስቶክዌል» እያለች ሰዉን ትበትነዋለች። እምቢ የሚላት አልነበረም። እንዴት ተብሎ? ግማሾቹን ለመኖሪያ ፈቃድ ሆም ኦፊስ ይዛ የሄደችው፣ ማደሪያ ያጡትን ሳሎኗ ያሳደረችው፣ የልጆቻቸው ክርስትና እናት የሆነችው እሷ ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት «ተሳስተሻል» የሚል አበሻ ገና አልተወለደም። እኔ ይሄን ይሉኝታ የሚባል ነገር ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ስጠላው ኖሬያለሁ። የት ድረስ ሊወስደን እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ብዙ ሕንፃ የሚያስተዳድር አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ሊሰጣት ሲመጣ ነው። ሰዎቹ ጽዳቷን ወደዱላት። ነገር ግን ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደቀረ፣ የጽዳት ዕቃው የት እንደገባ በኮምፒውተር ካላየን አይሆንም አሉ። በቃል መያዝ የሚባል ነገር አይገባቸውም። ራሷን ከፍታ አታሳያቸው ነገር!

ጊዲዮን የገባው ያኔ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሥራውም ለድርጅቶች እንዲህ ያለ ሲስተም መትከል ነው። የሰውን ድርጅት ሲያደራጅ ውሎ የእናቱን ትርምስ ሲያይ ራሱን ያመው ነበር።

«ማሚ፣ ኤቭሪቲንግ አንድ ቦታ ይሆናል» አላት። «ኦርደሩ፣ ሺፍቱ፣ ሳሙናው፣ ደሞዙ። አንቺ ሪላክስ ታደርጊያለሽ።»

«ሪላክስ ማለት ቤት መቀመጥ ነው?»

«ኖ፣ ማሚ!»

«እንግዲያው ትከለው።»

ለወራት ከጎኗ ተቀምጦ ጠየቃት። ስለ አንዱ ሠራተኛ «አቬይለብል የሚሆነው መቼ ነው?» ሲላት፣ «እሱማ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰኞ ሰኞ ይከፋዋል፤ ሰኞ ብቻውን አትላከው» ትለዋለች። ጊዲዮን ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። ሲስተሙ «ሰኞ ይከፋዋል» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለውማ። በመጨረሻ «ሰኞ፣ ከሰው ጋር» ብሎ አስገባለት። እንዲህ እያለ እናቱ የምታውቀውን ሁሉ እየቀዳ ማሽኑ ውስጥ ከተተው።

እኔ በኮምፒውተር አልታማም። እውነቱን ለመናገር ግን ሲስተሙ ሠራ። ደንበኛው ሕንፃ ሲጨምር የሰው ድልድሉ ከዚያው ይወጣል። ሠራተኛው ሕንፃው ጋ ሲደርስ በስልኩ የራሱን ቁጥር ያስገባል፤ በገባበትና በወጣበት ልክ ደሞዙ ይሰላል። ሳሙናና ጓንት ሳያልቅ ይታዘዛል፣ ለደንበኛው የሚሄደው ሒሳብም አብሮ ይወጣል። ሰው የተሟላለት ሕንፃ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው፣ የጎደለው ቀይ። ድሮ አስካለ እሑድን ሙሉ ስትጨቃጨቅበት የምትውለው ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ጀመር። ጎን ያለውን ክፍል ጨምረን ተከራየን። የዓመት ዕረፍት ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶች ዕረፍት ወጡ። ጊዲዮን የድሮ ሥራውን ትቶ ከእናቱ ጋር ቀረ።

ሁሉ ነገር አማረ። አስካለ ግን ጎህ ሲቀድ መደወሏን አልተወችም።

መጀመሪያ የነቃው ንዋይ ነው። ንዋይ የሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ ነው፤ ቫኑን የሚነዳ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ሦስት ቃል የሚበቃውን ነገር በሁለት የሚጨርስ ሰው። አንድ ጠዋት አስካለ ደወለችለትና «ፊርደውስን ስቶክዌል ላካት» አለችው። ፊርደውስ በርሚንግሃም ከገባች ስንት ዘመኗ! «እሺ፣ እትዬ» አለና ራሱ ሄዶ ሠራላት። ሌላ ጠዋት ደግሞ ሲስተሙ ስቶክዌል የመደባቸውን ሦስት ሴቶች ደውላ ካምደን ላከቻቸው። ካምደን የራሱ ሰው አለው። ሴቶቹም ስህተት መሆኑን ያውቃሉ። ግን እትዬ አስካለ ናት ያለችው፤ እሺ ብለው ካምደን ሄዱና ከሌሎቹ ጋር አንዱን ወለል ሁለቴ ወለወሉ። ንዋይ ስቶክዌል በረረ። የሦስቱንም ቁጥር ከራሱ ስልክ አስገብቶ የሦስት ሰው ሥራ ብቻውን ሠራ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ጊዲዮንም ቢሮ ሆኖ አረንጓዴውን እያየ ደስ አለው።

ይህ አንዴ ሆኖ አልቀረም። ወራት አለፉ። ጥፋቱ በበዛ ቁጥር ንዋይ መሸፈኑን አበዛው፤ ሴቶቹም ከእሱ ጋር ተባበሩ፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉ። ኋላ ሳፋጥጠው «ለጊዲዮን ብነግረው እትዬን ቤት ያስቀምጣቸዋል» አለኝ። «ቤት ከተቀመጡ ደግሞ አበቃላቸው።» እሱም ፍርሃቷን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። የነገረችኝን መልሳ ትነግረኛለች፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ «ቤቴ የሚወስደኝ የቱ ነው?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷም አብራኝ ሳቀች። አሁን ሳስበው ሳቋ ዘግየት ብሎ ነው የመጣው።

ከዚያ የተፈራው መጣ። አስካለ በአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ ባዶ አስቀረች፤ ስቶክዌል ያለውን የጥርስ ክሊኒክና እዚሁ አርችዌይ ያለ አንድ ቢሮ። ንዋይ ስቶክዌል ደርሶ የሴቶቹን ቁጥር እንዳስገባ፣ የአርችዌዩ በር ተቆልፎ ሰው ውጭ ቆሟል ተብሎ ተደወለለት። መጥረጊያውን ጥሎ ሮጠ። ክሊኒኩ ሲከፈት ሐኪሞቹ ያገኙት የትናንቱን ደም የነካው ጥጥ ነው። ሲስተሙ ግን ሦስት ሴቶች ሰዓታቸውን ጨርሰው ወጥተዋል ይላል። ደንበኛው በስልክ ለጊዲዮን ያለው አጭር ነበር፦ እስከ ሰኞ አጥጋቢ ምክንያት ካላገኘን ሁሉንም ሕንፃ እንወስዳለን።

ዓርብ ዕለት ጊዲዮን ንዋይን ቢሮ ጠራው። አስካለ ወንበሯ ላይ ናት፤ እኔ ስልኩ ጋ። ልጁ ሲጨነቅ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ ንዋይ፣ ሦስት ሰው ክሎክ ኢን ያደረገው፣ ቁጥሩን ያስገባው ከአንድ ስልክ ነው። ካንተ ስልክ። አንድ ቀን አይደለም፣ ለወራት!» ንዋይን ከ«እርስዎ» በቀር ጠርቶት አያውቅም ነበር።

ንዋይ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሴቶቹ ሳይሠሩ ነው የሚከፈላቸው? ትካፈላላችሁ?»

«ሠርተዋል» አለ ንዋይ።

«የት?»

ንዋይ የቫኑን ቁልፍ በእጁ ያገላብጣል።

«ማን ነው ሌላ ቦታ የላካቸው? ፕሊስ፣ ንገረኝ። ሊዘጉን ነው እኮ!»

ንዋይ ቀና ብሎ አስካለን አየ። እሷም አየችው። ፊቷ ላይ መገረም እንጂ ሌላ አልነበረም። «ደውዬልሃለሁ እንዴ፣ ንዋይ?» አለችው።

«የለም፣ እትዬ። አልደወሉም።»

«እንግዲያው ምን ነካህ? እንደ ወንድሜ አምኜህ?» ጣቷን ወደ ጠረጴዛው ቀሰረች። «ቁልፉን አስቀምጥና ሂድልኝ።»

ንዋይ የቫኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እሺ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

አንድ ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። ጊዲዮን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አስካለ በመስኮቱ ወደ ጎዳናው ትንሽ ካየች በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ስልኳን አንስታ ደወለች። በሩ ክፍት ነው። ስልኩ የጠራው እዚያው ደረጃው ላይ ነው።

«ንዋይ፣ ነገ ጠዋት ፊርደውስን ስቶክዌል ላካት። እዚያ ሰው ጠፍቷል እያሉ ነው።»

ከደረጃው ሥር የንዋይን ድምፅ ሰማነው። አሁን ከሥራ ያባረረችው ሰው፣ ቁልፉን የቀማችው ሰው፣ በዚያው በድሮ ትሕትናው መለሰላት። «እሺ፣ እትዬ። እልካታለሁ።»

ጊዲዮን እጁን ከፊቱ አነሳ። «ማሚ... ፊርደውስ በርሚንግሃም ናት እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ነገ ጠዋት ትደርሳለች።»

ልጁ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ተከትዬው ስወርድ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ንዋይ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። እኔ ግን ንዴቴ ቀደመ። «ምነው አትናገርም ነበር? ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ?» ብዬ ንዋይ ላይ ጮህኩበት።

«ለልጅ እንዴት ተብሎ ይነገራል?» አለኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ የነገረን የፈራነውን ነው። የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ ነው የሚሄደው፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ አይመልሰውም። አስካለ ከሐኪሙ ቃል ሁሉ የያዘችው አንዱን ነው። «አሁን ቤት ሊያስቀምጡኝ ነው» አለችኝ፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ። ካፖርቷን አልብሼ ወደ አውቶቡሱ ይዣት ሄድኩ።

ጊዲዮን ደንበኛው ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ሕንፃዎቹን አይወስዱም፣ ነገር ግን ከሲስተሙ ውጪ አንድም ሰው ሊመደብ አይችልም፤ እናትህም ከምደባው መውጣት አለባት አሉት። የሠላሳ ቤተሰብ እንጀራ በአንድ በኩል፣ እናቱ በሌላ በኩል። ንዋይን ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ከዚያ የእናቱን የሲስተም መግቢያ ዘጋ። እኔ ፊት ነው የዘጋው። ሲዘጋ የተሰማውን ለጠላቴም አልመኘው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጊዜ ባላይ በወደድኩ። መደወሏን ግን ማን ያስቁማት? ሠራተኞቹ «አትታዘዟት» ቢባሉም ድምጿን ሲሰሙ እምቢ ማለት ያቅታቸዋል፤ አሁንም ወደላከቻቸው ይሄዱ ጀመር። ስለዚህ ጊዲዮን ስልኳን ወሰደባት። «ሌባ! የገዛ ልጄ ሰረቀኝ!» እያለች ስትጮህ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ ሲመጡ ደግሞ ሻይ አቀረበችላቸው። አንድ ማለዳ ሳይታሰብ ሾልካ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ፈለግናት። ያገኛት ንዋይ ነው፤ ስቶክዌል፣ ክሊኒኩ በር ላይ፣ ባልዲ ይዛ። አስገቡኝ ላጽዳ እያለች የሚገባውን በሽተኛ ሁሉ ስትለምን ነው የዋለችው። እግሯ በእርጥብ ነጠላ ጫማ ውስጥ አብጦ ነበር። ንዋይ ቫኑ ውስጥ አስገብቷት መንዳት ከመጀመሩ በፊት መሪውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መብላት ተወች። ካፖርቷን ለብሳ በር በሩን እያየች ትውላለች። ስሄድ «ቀኑ አልደረሰም?» ትለኛለች። የቱ ቀን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ «ቅበሪኝ» ያለችኝን አልረሳሁም። አንድ ሰው እንዲህ ሲሟሟ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳብድ ያየ ያውቀዋል። ጊዲዮን ከሳ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይለኛል። «ራሷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወሰድኩና በሩን ዘጋሁባት።» ማሽኑ አይደለም የወሰደው፣ በሽታው ነው ብለው አይሰማኝም።

አንድ ቀን ቢሮ ስገባ አስካለ ወንበሯ ላይ አለች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስክሪኑ ላይ ሰው ትመድባለች። ደስታዬ ለጥቂት ሊጥለኝ ነበር። ጊዲዮን ወደ ጎን ወሰደኝ።

«እውነተኛው አይደለም» አለኝ በሹክሹክታ። «አዲስ ሠራተኛ የሚለማመድበት ኮፒ ነው። ስሞቹ፣ ሕንፃዎቹ፣ ኤቭሪቲንግ ያው ነው። ግን የትም አይሄድም።»

«እናትህን በመጫወቻ ልታታልላት?» አልኩት። «ይቺን የመሰለች ሴት?»

«እትዬ ዓይናዲስ፣ ትናንት በላች» አለኝ። «ሙሉ ሳህን።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ንዋይ ያመጣታል። ትመድባለች። የመደበችው ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሠራተኞቹም ሲገቡ «የላኩኝ ቦታ ሄጄ ሠርቼ መጣሁ፣ እትዬ» ይሏታል። እሷም «ተባረክ» ትላለች። እውነተኛው ሥራ ጎን ካለው ክፍል ይሠራል፤ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ ሰፍቷል፣ አሁን አዲስ ሕንፃ ሲመጣ ማንም አይደናገጥም። እኔ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ተቀምጬ ስልክ አነሳለሁ። የሚሠራውን ክፍል ማየት ደስ ይለኛል፤ ሌላውን ማየት ያቅተኛል።

ባለፈው ሳምንት እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ጊዲዮን ደንበኛ ዘንድ ሄዷል። አስካለ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ የድሮ ዓይኗ ነበር፤ ያኔ መጥረጊያውን ጥላ የመጣች ዕለት የነበረው።

«ዓይናዲስ፣ ይሄ ነገር ውሸቱን ነው» አለችኝ።

«የቱ?»

«አታስመስይ። ያኛው እውነተኛው ይከራከረኝ ነበር፤ ዕረፍት የወጣ ሰው ስመድብ አይሆንም ይለኝ ነበር። ይሄ ሁሉን ይቀበላል። የሞቱትን ሰዎች መድቤ ሞከርኩት፤ አረንጓዴ ሆኑ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሁልጊዜ አላውቀውም» አለች። «አንዳንድ ቀን ነው የሚገባኝ። የማይገባኝ ቀን ይሻላል።» ወደ በሩ ተመለከተች፤ ጊዲዮን እንዳይሰማ ይመስል ድምጿን ቀነሰች። «ለልጁ እንዳትነግሪብኝ አደራ። ስንት ደክሞበታል፤ እንዳወቅሁ ከሰማ ይከፋዋል።»

ከዚያ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ለነገ ጠዋት ስቶክዌል የሚሄዱትን መመደብ ቀጠለች።